የጉልቻ ስልክና የኮሌጁ ደንብ

ጉልቻ ያሏት የዶርም ጓደኞቿ ናቸው። ኮሌጅ በገባች ሰሞን ምግብ ቤት ሰልፍ ላይ ከኋላ የመጡ ወንዶች ሲገፉ፣ ሰልፈኛው ሁሉ ወደ ፊት ሲደረመስ እሷ ብቻ ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም። እንዲያውም ተመልሰው የወደቁት ገፊዎቹ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው መዝገብ ቤት ብቻ ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየም ነበር። እሷ ግን አሎሎ ወርዋሪ ናት፤ ለአሎሎ ወርዋሪ ደግሞ «ከቦታው የማይነቃነቅ» ከመባል የበለጠ ሙገሳ የለም።

አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ሳቋ ከሦስተኛ ፎቅ የሚሰማ ልጅ ነበረች። የስፖርት ክፍሉ መጋዘን ውስጥ ያለው ትልቁ ማሊያ ትከሻዋ ላይ ሲደርስ እምቢ ስላለ፣ ልብስ ሰፊው አባቷ በልኳ እየሰፋ ይልክላታል። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ባያት ቁጥር፣ ፈጣሪ አንቺን ሲሰፋ ጨርቅ አልቆጠበም ይላታል። ይህን ስትሰማ ስላደገች፣ ስለ ሰውነቷ የሚያሾፍ ሰው ሲያጋጥማት ከመናደድ ይልቅ ግራ ይገባታል።

ስልኩ ወደ ውርወራዋ የገባው በችግር ነው። አሠልጣኛቸው ውርወራውንም፣ ዝላዩንም፣ መሰናክል ሩጫውንም ብቻውን የሚይዝ ሰው ነበር፤ አንዷን ሲያርም ሌላዋ ታመልጠዋለች። ጉልቻም ስልኳን ሣሩ ላይ በጫማዋ አስደግፋ ራሷን እየቀረጸች ስህተቷን መፈለግ ጀመረች። አንድ ቀን አሎሎው ከላቧ የተነሣ ከእጇ ሙልጭ ብሎ ወደ ኋላ በረረና፣ ከኋላ ቆሞ ለሌላ ልጅ ምክር ይሰጥ የነበረው አሠልጣኝ እንደ ግልገል ዘሎ አመለጠ። ማታ ዶርም ውስጥ ይህን ያየችው ፌንጣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

ፌንጣ የዶርም ጓደኛዋ ናት፤ መሰናክል ሯጭ። እግሯ ረጅም፣ ንግግሯ አጭር። ጉልቻ አሥር ቃል ስትናገር ፌንጣ አንድ ትናገራለች፤ ያቺ አንዷ ግን ትበቃለች። ያን ማታም የተናገረችው «ይለጠፍ» ብላ ብቻ ነው። አሠልጣኙ ሲጠየቅ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንዴት እንደምዘል ተማሪዎቼ አይተው ይማሩ ብሎ ፈቀደ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ ቀልድ ጀመረና እንደ ቀልድ አልቀረም። ሌላው ሰው ሁሉ ያማረለትን ሲያሳይ ጉልቻ የተበላሸባትን እያሳየች ለምን እንደተበላሸ ታስረዳ ነበር። የምታስረዳው ደግሞ እየሳቀች ነው። የፌንጣንም ሩጫ እየቀረጸች ትጨምርበት ነበር። ተከታዮቿ በዙ። አንዲት ተማሪ ዕድሜዋን ሙሉ ትንሽ ለመምሰል ጎብጣ ስትሄድ እንደኖረች፣ አሁን ግን ቀና ብላ መሄድ እንደጀመረች ጻፈችላት፤ ጉልቻ ያቺን መልእክት ለፌንጣ ጮክ ብላ ሁለት ጊዜ አነበበችላት። በወጣትነቷ አሎሎ የወረወረች፣ ዛሬ ሌላ ከተማ ፋርማሲ የከፈተች ሴትም በድምፅ መልእክት ላከችላት፦ ልጄ፣ ግራ እግርሽ ከእጅሽ ቀድሞ ይቸኩላል፤ ቆይ በይው። ጉልቻ እግሯን ቆይ አለችው። በሳምንቱ አሎሎው ከዚያ በፊት ደርሶበት ከማያውቅ ሣር ላይ አረፈ። አሠልጣኙ ማን እንደነገራት ጠየቃትና «ፋርማሲስት» ስትለው ጥቂት አሰበ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ስለ ዲስከስ ወርዋሪዋም ጠይቂልኝ አላት።

የተበላሸው በደስታ ቀን ነው።

የኮሌጆች የማጣሪያ ውድድር ያለቀ ዕለት ሁለቱም ጓደኛሞች ለፍጻሜው አለፉ። ፍጻሜው የሚካሄደው በራሳቸው ሜዳ ስለሆነ የደስታው መጠን ልክ አልነበረውም። መልበሻ ክፍል ውስጥ ልጆቹ አግዳሚውን እንደ ከበሮ እየደለቁ ይዘፍኑ ነበር። ጉልቻ በአዲሱ ማሊያዋ መሀል ገብታ ትከሻዋን እያርገፈገፈች ራሷን ቀረጸችና ላቧ ሳይደርቅ ለጠፈችው። ከኋላዋ የግድግዳ መስታወት ነበረ። በመስታወቱ ጥግ ፌንጣ ቀኝ ጉልበቷ ላይ የበረዶ ከረጢት ጭና አንገቷን ደፍታ ተቀምጣ ትታያለች። ጉልቻ የራሷን ፈገግታ እንጂ ይህን አላየችም።

ሌላው ሰው ግን አየ። ስልክ ይዞ ከተቀመጠ ሥራ ፈት የሚያመልጥ ነገር የለም። አንዱ ምስሉን አጉልቶ በቀይ ከበበውና የመሰናክል ሯጯ ጉልበት አልቆለታል ብሎ ጻፈበት። ጀንበር ሳትጠልቅ የተጋጣሚ ኮሌጆች ደጋፊዎች ሁሉ እየተቀባበሉ ይዘባበቱበት ጀመር። ከሁሉ የከፋው ግን ወሬው የፌንጣ እናት ዘንድ መድረሱ ነው።

የፌንጣ እናት የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናት፤ ልጇን ለብቻዋ ነው ያሳደገችው። ዓምና ፌንጣ መሰናክል ላይ ወድቃ ጉልበቷ ሲያብጥ፣ ሜዳሊያው ይቅርብኝና እግርሽን ይዘሽ ተመለሺልኝ ብላ ለምናት ነበር። ፌንጣም ፈጽሞ ድኗል ብላ ምላላት ስለነበር ነው ሩጫው የቀጠለው። በእርግጥም ድኗል። በረዶው የቡድኑ ወጌሻ ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ ለጥንቃቄ የምታዝላት ነበር። ምስል ግን ይህን አይናገርም።

እናቷ ስትደውል ሁለቱም ዶርም ነበሩ። ፌንጣ ኮሪደር ወጥታ ብዙ ቆየች፤ ስትመለስ ዓይኖቿ ቀልተው ነበር። ጉልቻ ቪዲዮውን አጥፍታው ነበር፤ ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። አላየሁሽም፣ እግዜር ያውቃል አላየሁሽም እያለች ይቅርታ ጠየቀቻት። ፌንጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እንዲህ አለች፦

«አለማየትሽን አውቃለሁ። ግን ቤቴ ድረስ ወስደሽ እናቴ ፊት አስቀመጥሽኝ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ልውሰድሽ ወይ አላልሽኝም።»

ያን ማታ ፌንጣ በረዶዋን ራሷ ወርዳ አመጣች፤ ሌላ ጊዜ የምታመጣላት ጉልቻ ነበረች።

በማግስቱ ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወረቀት ተለጥፎ ተገኘ። ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም የኮሌጁ ስፖርተኛ በማኅበራዊ ሚዲያ ምንም ነገር እንዳይለጥፍ፣ ያለውንም ገጽ እንዲዘጋ ያዛል። የፈረመው የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ነው። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም። ከወገቡ በላይ ሸሚዝና ከረባት፣ ከወገቡ በታች ቱታ የሚለብስ፣ ስብሰባም ሜዳም ላለመቅረት ሁለቱን ያስማማ ሰው ነው። ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ ሆነበት። ባለፈው ወር ፈንጂ የሚሉት የእግር ኳስ አጥቂ በሽንፈቱ ተናዶ ዳኛውን ገና ከሜዳ ሳይወጣ በስልኩ በለጠፈው ቪዲዮ ሰድቦት፣ ኮሌጁ ደጅ ጠንቶ ነበር ይቅርታ ያገኘው። አሁን ደግሞ ይህ ሲደገም ኃላፊው ሁሉንም በአንድ ቁልፍ ቆለፈው። ዋናተኞቹም፣ ቼዝ ተጫዋቾቹም፣ ስልክ የማይወዱትም ሳይቀሩ በደረቅ አበሳ እርጥብ ይቃጠላል እያሉ አጉረመረሙ።

ጉልቻ ወረቀቱን አንብባ በቀጥታ ወደ ኃላፊው ቢሮ ገባች። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እኔን ይቅጡና ሌሎቹን ይልቀቁ ለማለት ነበር። ገና አረፍተ ነገሯን ሳትጨርስ በሩ ተከፈተና የደንብ ልብሷን ያላወለቀች፣ ትልቅ ቦርሳ ያነገበች ሴት ገባች። ከኋላዋ ፌንጣ በእፍረት ተሸማቃ ቆማለች። የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይዛ፣ ለዚያን ቀን ሹፌር ሳይሆን ተሳፋሪ ሆና የመጣችው እናት ነበረች። ሰላምታዋን አላጓደለችም፤ ኃላፊውን እንዴት አደሩ ጌታዬ አለችና የልጄን ጉልበት ሳላይ የትም አልሄድም አለች።

ወደ ወጌሻዋ ክፍል ሁሉም ተያይዘው ሄዱ። እናት ልጇን አልጋው ላይ አስቀምጣ ጉልበቱን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ጎማ እንደምትፈትሽ በጣቷ ጫን ጫን አደረገች። ወጌሻዋ የበረዶውን ምክንያት አስረዳች፤ ፌንጣን በአንድ እግሯ አዘለለቻት። እናት ሦስቴ አዘለለቻት፣ ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀች።

ጉልበቱ ደህና መሆኑን እንዳየች፣ የከፋት ግን ሌላ መሆኑን ተናገረች፤ የልጇን ነገር ከማታውቀው ሰው መስማቷ። ጉልቻ መሬቱን ስታይ ሴትየዋ ወደ እሷ ዞረችና ጉልቻ የሚሉሽ አንቺ ነሽ ወይ አለቻት። ጉልቻ አዎ ስትል ከላይ እስከ ታች አየቻትና ያቺ ስልክ ውስጥ እንዴት እንደገባሽ ገርሞኛል ብላ አቀፈቻት። ወጌሻዋ ሳቀች። ፌንጣም ሳታስበው ፈገግ አለች።

ኃላፊው ነገሩ የተቃና ስለመሰለው፣ ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር እንደማይደገም፣ ሁሉም ገጽ ከዛሬ ጀምሮ እንደተዘጋ አበሠራት። የእናት ፊት ጠቆረ።

«ጌታዬ፣ እኔ ውድድር ባለበት ቀን ሁሉ መሪ ላይ ነኝ» አለች። «ልጄ ስትሮጥ አንድ ቀን ሜዳ ገብቼ አይቻት አላውቅም። ያየኋት በዚች ልጅ ስልክ ነው። ተርሚናል ላይ ሹፌሩ ሁሉ ተሰብስቦ ያያታል፤ መሰናክሉን ስትዘል አብረን ነው እግራችንን የምናነሣው። ይህን ከዘጉት ልጄን የት ልያት?»

ኃላፊው ከረባቱን ነካካ። ደስታ ጠልቶ እንዳልዘጋው፣ ልጆቹ ሲጎዱ ግን ተጠያቂው እሱ እንደሆነ ተናገረ። ይህም እውነት ነበረ፤ ማንም አልተከራከረውም። ቀጥላ የተናገረችው ፌንጣ ናት።

«ትናንት ማንም ሳይጠይቀኝ ተለጠፍኩ። ዛሬ ማንም ሳይጠይቀኝ ተዘጋሁ። ለኔ ሁለቱም ያው ነው። ደንብ ይኑር፤ ግን ጠይቃችሁን ይሁን።»

ጉልቻ ጓደኛዋ በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ስትናገር ሰምታ አታውቅም። ኃላፊውም ሰምቶ የሚያውቅ አይመስልም። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ልፈርምበት የምችል ደንብ አምጡልኝ ብሎ ወጣ።

ደንቡ የተጻፈው ካፌው ውስጥ፣ ሁለት ጠረጴዛ ገጥመው ነው። ከየቡድኑ ተወካይ መጣ፤ ያልተወከለውም መጣ። ፌንጣ እስክሪብቶውን ያዘች። የመጀመሪያውን ማንንም ሳታማክር ጻፈችና ወረቀቱን ወደ ጉልቻ ገፋችው። ጉልቻ ጮክ ብላ አነበበችው፦ ምስሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይጠየቅ፤ መስታወት ውስጥ ያለውም ጭምር። ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ፤ ጉልቻ ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ ግን እሷም ሳቀች። ተከታዩን እሷ አለች፤ መልበሻ ክፍል ውስጥ ስልክ ከቦርሳ አይውጣ፣ የስፖርተኛ ሕመምም የራሱ ነው፣ ካልፈለገ ማንም አያወራለትም።

ፈንጂ እጁን አወጣ። ሁሉም ይከላከል ይሆናል ብሎ ሲጠብቅ፣ የተናደደ ሰው ስልኩን ለበረኛ ይስጥ አለ። ለምን ለበረኛ ተብሎ ሲጠየቅ፣ የሚያልፍ ነገር መያዝ ሥራው ነዋ አለ። በረኛው ከወዲያ ጥግ ሆኖ ተስማማ፤ ቁርስ ሳይበላ ግን አልመልስም ብሎ ጨመረበት። እንዳለ ተጻፈ።

አንድ ዋናተኛ ደግሞ ኮሌጁም ይጠይቅ አለ። በሩ ላይ የተሰቀለው ትልቅ ባነር ላይ ያለው እሱ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፉን ከፍቶ። የሚያልፍ ሁሉ ተኝተህ ነው ወይ የምትዋኘው ይለዋል። ይህም ተጻፈ።

ኃላፊው ወረቀቱን አንብቦ ወደደው፤ አንድ ነገር ብቻ ጨመረ። ማንኛውም ነገር ከመለጠፉ በፊት እሱ አይቶ ያጽድቀው። ስፖርተኞቹ ፊታቸው ወደቀ። ጉልቻ ግን አልተከራከረችም፤ መልካም፣ እንሞክረው አለች። ያኔ ፌንጣ ቀና ብላ አየቻት። ያን አስተያየት ጉልቻ ታውቀዋለች፤ ሳቅ ሊመጣ ሲል የሚቀድም አስተያየት ነው።

በማግስቱ ስፖርተኛው ሁሉ እንደ ታዛዥ ልጅ የሚለጥፈውን ለኃላፊው ላከ። ትግል ተጫዋቾቹ ሲያሟሙቁ፣ ዋናተኞቹ ከውሃ በታች ሲያወሩ፣ ቼዝ ተጫዋቹ ያለ እንቅስቃሴ ሲያስብ፣ ሁሉም ደረሰው። አንዱ «እንደምን አደራችሁ» ለማለት አንድ አበባ ላድርግ ወይስ ሁለት ብሎ ፈቃድ ጠየቀ። የኃላፊው ስልክ ጠረጴዛው ላይ እንደ ንብ ቀፎ ሲጮህ ዋለ። ጸሐፊዋ ምሳ ልትጠራው ገብታ፣ የጫማ ክር አስተሳሰር በጥሞና ሲመለከት አገኘችው። ጉልቻ ከሁሉ የረዘመውን ላከች፤ የግራ እግር ነገር፣ ከነማብራሪያው።

ከሰዓት አሠልጣኙ ለጉዳይ ሲመጣ ኃላፊው ወንበሩ ላይ አልነበረም። ከመደርደሪያው ጀርባ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ የወረቀት መጫኛውን አገጩ ሥር ይዞ፣ ስልኩን እያየ ይሽከረከር ነበር። ሁለቱ ተያዩ። ግራ እግሬ ይቸኩላል አለ ኃላፊው።

አሠልጣኙ ይህን በመሐላ ጭምር ለሁሉም አወራው። ማታ ላይ ኃላፊው ራሱ ስፖርተኞቹን ጠርቶ፣ ሥቃዩንም ሳይደብቅ፣ ያቺን አንቀጽ በራሱ እጅ ሰረዛት። በምትኩ፣ ከመለጠፉ በፊት አላይም፤ ጥፋት ካየሁ ግን እጠራችኋለሁ፤ ከመቅጣቴም በፊት እሰማችኋለሁ ብሎ ጻፈና ፈረመ። ጭብጨባው ካበቃ በኋላ ወደ ጉልቻ ጠጋ ብሎ፣ ስለ ቀኝ እጅ የሠራሽው የለም ወይ ብሎ ጠየቃት።

ያን ምሽት ዶርም ውስጥ ፌንጣ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ፣ ጉልቻን ሳታያት፣ በረዶ አምጪልኝ አለቻት። ማኩረፉ ከጀመረ ወዲህ ራሷ ነበር የምታመጣው። ጉልቻ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች።

በፍጻሜው ቀን ሰማዩ ጠርቶ፣ ሜዳው ገና ከጠዋቱ ሞላ። እናት ተራዋን ከጓደኛዋ ጋር ቀይራ እመጣለሁ ብላ ነበር፤ የመጣችው ግን ብቻዋን አልነበረም። ከበሩ ላይ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሹፌር ወረደ። መንገዱን ሙሉ ማን ይንዳ በሚል ሲጨቃጨቁ፣ አንዱ ፍሬን ያዝ ሲል ሌላው ማርሽ ቀይር ሲል እንደመጡ እናት እየሳቀች ተናገረች። በተጋጣሚ ደጋፊዎች ፊት ለፊት ተደርድረው ተቀመጡ።

ጉልቻ ቀድማ ነበር የወረወረችው። ክቡ ውስጥ ገብታ አሎሎውን አንገቷ ሥር ስታስጠጋ ጆሮዋ ምንም አልሰማም። ግራ እግሯ ጠበቀ፣ ወገቧ ዞረ፣ እጇ ተከተለ። ብረቱ ወጥቶ ወጥቶ የሚወርድ አይመስልም ነበር። ሲወርድ ሜትር ይዞ የሚጠብቀው ዳኛ ወደ ኋላ ሸሸ። የአንደኝነቱ ነገር በዚያው አለቀ፤ ቀሪዎቹን ውርወራዎች ለደስታዋ ብላ ወረወረቻቸው።

ፌንጣ የመነሻው መሥመር ላይ ስትንበረከክ ከተጋጣሚ ወገን አንድ ሰው ስለ ጉልበቷ ጮኸ። ሹፌሮቹ አልመለሱለትም፤ ሁሉም ተነሥተው ቆሙ እንጂ። ተኩሱ ሲሰማ ፌንጣ ወጣች። መሰናክሉን አንድ በአንድ እንደ ደፍ ተሻገረችው፤ በተሻገረች ቁጥር መቀመጫው ላይ ያለው ሹፌር ሁሉ አንድ እግሩን አነሣ። ሁለተኛ ወጣች፤ በሕይወቷ ሮጣው በማታውቀው ሰዓት። እናት አጥሩን እንዴት እንዳለፈች ያየ የለም። ሜዳ ውስጥ ገብታ ልጇን ከነላቧ አቅፋ ስታዞራት ዳኛው ሊያስወጣት ሄዶ፣ ፊቷን አይቶ ተመለሰ።

ጉልቻ ስልኳን አወጣች። ከመጫኗ በፊት ግን ዙሪያዋን ማየት ነበረባት፤ ከኋላ ሹፌሮቹ፣ አሠልጣኙ፣ ወጌሻዋ፣ ውሃ የሚሸጥ ሰውዬ ቆመዋል። አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። ሹፌሮቹ መጠየቃቸው ደስ ብሏቸው ኮሌታቸውን አስተካከሉ፤ ውሃ ሻጩ ቆይ ኮፍያዬን ልልበስ አለ። ኃላፊው በዚያ ሲያልፍ ራሱ መጥቶ ከረባቱን አጥብቆ ቆመ። በመጨረሻ ፌንጣን አየቻት። ፌንጣ በእናቷ ክንድ ሥር ሆና፣ ገና እያለከለከች፣ እጇን ዘረጋችና ስልኩን ወሰደችባት።

«አንቺ ግቢ» አለቻት። «እኔ ልቅረጽ፤ ያንቺ እጅ ትልቅ ነው፣ ሰው ይሸፍናል።»

ጉልቻ ገባች። ከእናትየዋ ጎን ቦታ ሲጠፋ ሹፌሮቹ ጠጋ ጠጋ አሉ።